የመጀመሪያውን አትቅደዱ

ማሚቴ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ለጎረቤቷ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «በጣቷ ነው የመታችው» አለች። «የገዛ እህቷን ልጅ ስም ፊደል በፊደል በጣቷ መትታ አሳልፋ ሰጠችው። ‹ዘገየ› ብላ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ከዚያ መጥታ እዚህ ቁጭ ብላ ራቷን በላች።» ጎረቤቲቱ «በስመ አብ!» አለች፤ ቀጥሎ የተባለው አልተሰማም። ዘውድነሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ነበር። ማሰሪያውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ነገሩ አዲስ ሆኖባት አይደለም። ማሚቴ ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ፣ ለእድርተኛ፣ ላምባ ሊገዛ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ተናግራዋለች። ያልተናገረችው ለራሷ ለዘውድነሽ ብቻ ነው።

የማሚቴ ልጅ፣ ዘውድነሽ በመታችው የስም ዝርዝር፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው በመስከረም ነበር። አሁን ኅዳር ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች ቃል አልተለዋወጡም። አባታቸው ያወረሷቸውን ቤት መሃሉን በጣውላ ከፍለው ነው የሚኖሩት፤ በወዲያ በኩል ማሚቴ በሯ ላይ ላምባና ከሰል ትቸረችራለች፣ በወዲህ በኩል ዘውድነሽ ብቻዋን ትኖራለች። ማሚቴ ጠዋት ጠዋት ሻይ አፍልታ የእህቷን ድርሻ በፔርሙዝ ታቀርብላት ነበር፤ ከተኳረፉም በኋላ አላስቀረችም። ፔርሙዙን በሁለቱ በሮች መሃል ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ሳታሳይ ትገባለች። ዘውድነሽ ትጠጣና አጥባ መልሳ እዚያው ታስቀምጣለች። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጁ በተወሰደ ማግስት፣ «እትዬ፣ አላየሁትም» ብላት ነበር። ማሚቴ ከእግር እስከ ራሷ አይታት ወደ ከሰሏ ዞረች። ማን ያምናል? ስም ጽፎ ስሙን አላየሁም የሚል ሰው፣ እህል በልቶ አልቀመስኩም እንደሚል ነው። ግን እውነቷን ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት በጽሕፈት መኪና ላይ የተቀመጠ ዓይን ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያይም። ሀሳቡን ካዩ እጅ ይዘገያል፤ እጅ ከዘገየ ይሳሳታል። ዘውድነሽ ደግሞ በአሰበ ተፈሪ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ስሟ የተጠራው ባለመሳሳቷ ነው።

ሻዩን ጠጥታ ወጣች። አስፋልቱ ላይ ከገለምሶ የመጣ ጫት ጫኝ መኪና ቆሞ ሾፌሩ ከጎማው ጋር ይታገላል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ባለቤቱ ለደንበኞቹ ሻይ ለምን ሃያ ሳንቲም እንደገባ ያስረዳል፤ ስኳር በቀበሌ ኩፖን ሆኗል፣ ያም ቢሆን በወር አንዴ ከተገኘ ነው፣ ዋጋው ያላማረው ሳይጣፍጥ ይጠጣ። ሰላም ሲላት ሰላም ብላው አለፈች። የምትሰጠው ሥልጠና የመጨረሻ ቀን ስለሆነ የደህና ቀን ሹራቧን ለብሳለች።

አዳራሹ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ቆርቆሮው ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ይጋገራል። አግዳሚዎቹ ከሕፃናት ትምህርት ቤት የተዋሱ ናቸው፤ ጎልማሳ ገበሬዎች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተኮራምተው ይቀመጡበታል። ሠልጣኞቹ ከጭሮ ዙሪያ፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶ በላይ ካለው ቆላ የመጡ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊዎች ናቸው። አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘውድነሽ እንድታስተምራቸው የታዘዘችው አንድ ነገር ነበር፤ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሲታረምም እንዴት እንደሚታረም።

መጀመሪያ ቀን የነገረቻቸው ይህን ነው። ስህተት አይፋቅም። ላጲስም ምላጭም ምራቅ የነካው ጣትም አይደርስበትም። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ የተሰረዘው ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክሉ ከበላዩ ይጻፋል። ከጎኑ ያረመው ሰው ቀኑን ይጽፋል፣ ፊርማውን ያኖራል፣ ለምን እንዳረመው በአጭር ቃል ይናገራል። ተስተካክሎ ሲገለበጥ አዲሱ «ረቂቅ ሁለት» ይባላል፤ የመጀመሪያው ከጀርባው ይያያዛል እንጂ አይቀደድም።

ከገለምሶ የመጣው አብዱረዛቅ ያን ዕለት እጁን አውጥቶ «እትዬ፣ ሰው ጫቱን ቅሞ ገራባውን ያስቀምጣል?» አለና አዳራሹን አሳቀው።

«ገራባውን ያየ ሰው ምን ዓይነት ጫት እንደተቃመ ያውቃል» አለችው። «ማን እንደቃመውም ይጠይቃል። አሁን ያለው ጽሑፍ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ካላወቃችሁ፣ ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ‹ይህ አልተባለም› ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ?»

ከዚያ በኋላ ገባቸው። ሁለት ሰው አንድን ረቂቅ ለየብቻው ወስዶ ካረመ ምን እንደሚደረግም አሳየቻቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ በማስመሪያ መስመር በመስመር መውረድ ነው፤ የሚለያዩበት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ተነጋግረው ይስማማሉ እንጂ አንዱ የአንዱን አይሸፍንም። ለጥቂት ቀን ያህል በየአገራቸው ሄደው የማኅበራቸውን እውነተኛ ቃለ ጉባኤ በዚህ ሥርዓት ሠርተው እንዲመለሱ አዘዘቻቸው።

ከሁሉም ጎበዙ መስዑድ ነበር። ከሚኤሶ በላይ ካለ መንደር የመጣ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልሞላ፣ ቀጭን ወጣት። ድሮ ንጹሑን ከገለበጠ በኋላ የመጀመሪያውን ረቂቅ እናቱ እሳት ታቀጣጥልበት እንደነበር እየሳቀ ነግሯታል። አሁን ግን የማስመሪያ ጫፍ እንዳይቆሽሽ በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ሆኖ ነበር። ያመጣውን ሥራ ዘውድነሽ በዋዜማው ተመልክታዋለች። ኅዳጉ ትክክል፣ ቀኑ አለ፣ ተናጋሪዎቹ በየስማቸው ተመዝግበዋል፣ ስረዛው በአንድ ቀጭን መስመር ነው፣ ያረመው ሰው ፈርሟል፣ ረቂቅ አንድ ከረቂቅ ሁለት ጀርባ ተያይዟል። በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈችበት። ስለምን እንደሚያወራ አላነበበችውም።

ረፋዱ ላይ የሥልጠናው ኃላፊ ጓድ አጥናፉ ከሐረር የመጣ እንግዳ ይዞ ገባ። እንግዳው ካኪ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ሠልጣኞቹ ተነሡ፣ አጨበጨቡ፣ ተቀመጡ። አጥናፉ ወደ ዘውድነሽ ጠጋ ብሎ «ከሁሉ የተሻለውን አንድ ሥራ ያሳዩን፣ እትዬ» አላት። አላመነታችም። የመስዑድን አንሥታ ሰጠች።

እንግዳው መጀመሪያ ለይስሙላ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ። ረቂቅ አንድን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ይህን የሰረዘው ማነው?»

መስዑድ ተነሣ። «ሊቀ መንበራችን ነው፤ ከጎኑ ፈርሟል።»

«ለምን ሰረዘው?»

«እሱም ተጽፏል። ‹የስብሰባውን መንፈስ ስለማይገልጽ› ይላል።»

«የተሰረዘውን አንብብልን እስቲ።»

መስዑድ ወረቀቱን ተቀበለ። ያለፈውን ወር ስብሰባ ነው የሚያነበው፤ ሰው በየሸለቆው የተበተነ ቤቱን አፍርሶ ወደ አዲሱ የጋራ መንደር እንዲገባ የተነገረበትን። በረቂቅ ሁለት «ገበሬው በሙሉ ድምፅና በደስታ ተቀበለው» ይላል። በረቂቅ አንድ ግን፣ ከቀጭኑ መስመር ሥር፣ የእያንዳንዱ ሰው ቃል ከነስሙ ነበር። መስዑድ ሲጀምር ድምፁ ጎላ ያለ ነበር፤ በሥራው የኮራ ተማሪ ድምፅ። አንደኛው ሰው አዲሱ ቦታ ውሃ የለውም ብሏል። ሌላው ከብቴን የት ላድርግ ብሏል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። «ሽማግሌው ጂብሪል በዱላቸው ተደግፈው ተነሥተው፣ ‹ማሽላችን ገና ማሳ ላይ ነው። ቤታችንን ሊያፈርስ የሚመጣ ሰው ማጭዱንም ይዞ ይምጣና አስቀድሞ አጭዶልን ያፍርስ› አሉ። ሰው ሳቀ።»

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። ዘውድነሽ ቃሉን ስትሰማው ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዋ ነው።

«እነዚህ ሰዎች አሁንም እዚያው አሉ?» አለ እንግዳው።

«አሉ» አለ መስዑድ፣ ቀስ ብሎ።

እንግዳው ረቂቅ አንድን ከክሊፑ አላቅቆ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መስዑድ አፉ እንደ ልማዱ ቀደመውና «ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ከጀርባው መያያዝ ነበረበት» አለ።

«አትስጋ፣ አይጠፋም።» እንግዳው ዞሮ የዘውድነሽን እጅ ጨበጠ። «ግሩም ትምህርት ነው ጓድ። ሁሉም ማኅበር እንዲህ ቢጽፍልን ሥራችን ይቀል ነበር።» አጥናፉ አጨበጨበ። ሠልጣኞቹም አጨበጨቡ። ሲወጡ መስዑድን አስከትለውት ወጡ፤ አግዳሚው ላይ ያስቀመጠው ማስመሪያና ጨርቁ እዚያው ቀሩ።

ቀትር ላይ አጥናፉ ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የታጠፈው ረቂቅ ተዘርግቷል፤ የእንግዳው መኪና ደጅ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ጠዋት «እርስዎ» ያላትን ሰው አሁን «አንቺ» አላት። «በሦስት ግልባጭ ምቺልኝ። ለፖሊስ ጣቢያው ነው። ከላይ ‹ለጥያቄ የሚፈለጉ› በይ፣ ከሥሩ ከዚህ ላይ ያሉትን አምስቱን ስሞች። ጊዜ የለም።»

ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ወረቀቱን ከካርቦኑ ጋር አስተካክላ አስገባች። የመጀመሪያውን ስም መታች። ሁለተኛውን መታች። እጇ ዘገየ፤ አሁን ታያለች፤ ውሃ የለውም ያለው ሰው፣ ከብቴን የት ላድርግ ያለው ሰው። እያንዳንዱ ስም ሲወርድ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሆነባት። ሁሉንም መተው አትችልም፤ ባዶ ወረቀት ይዛ ብትሄድ በእሷ ፋንታ ሌላ ይመታዋል፣ እሷም ስሟ ከነሱ ሥር ይገባል። አንድ ስም ግን በጥድፊያ መሃል ሊወድቅ ይችላል። አሥራ ስምንት ዓመት ያልተሳሳተች ሰው ዛሬ አንዴ ብትሳሳት ማን ይጠረጥራታል? አራት ስም መትታ አቆመች። ጂብሪልን ተወቻቸው። ለምን እሳቸውን እንደመረጠች ቢጠይቋት፣ ዱላቸውን ስላየችው ነው ማለት ነበር የምትችለው። ወረቀቱን ስታወጣ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

አጥናፉ ወረቀቱን ተቀብሎ ወዲያው አልፈረመም። የተመታውን ከረቂቁ ጎን አስቀመጠ። ከመሳቢያው ማስመሪያ አወጣ። መስመር በመስመር ወረደ፤ ልክ እሷ ስታስተምር ከኋላ ቆሞ እንዳየው። ማስመሪያው ከአራተኛው ስም ሥር ቆመ።

«አንድ ሰው ወድቋል።»

«ዓይኔ ዘሎት ይሆናል» አለች። «ይስጡኝ፣ እንደገና ልምታው።»

«ለምን እንደገና? ወረቀትም ካርቦንም በችግር ነው የሚገኘው። መኪናውም ቆሟል።» ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አታውቅም። «ራስሽ ያስተማርሽው ሥርዓት አለ አይደለም? ከሥሩ በእጅሽ ጻፊው። ቀኑን ጻፊ። ያረመው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ፊርማሽን አኑሪበት።»

እስክሪብቶውን አቀበላት። ዘውድነሽ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ጂብሪል፤ የአባታቸውን ስም ከረቂቁ አይታ። ከጎኑ ቀኑን። ከቀኑ ጎን ስሟንና ፊርማዋን። ፊደሎቹ እንደ ልማዳቸው ያማሩ ነበሩ። «ለምን እንደታረመም ይጻፍ» አለ አጥናፉ። «ተዘልሎ የነበረ» ብላ ጻፈች። እሱም ፈረመና ማኅተም መታበት።

ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀት ታደለ። እያንዳንዱ ሲጠራ ይወጣል፣ ይጨባበጣል፣ ይጨበጨብለታል። መስዑድ ሲጠራ አልነበረም፤ ወረቀቱ ወደ ጎን ተቀመጠ። አብዱረዛቅ ሲሰናበታት «እትዬ፣ ማኅበሬ ስደርስ ያሉኝን ረቂቆች ሁሉ አቃጥላቸዋለሁ» አለ። ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ለስላሳ ተገዝቶ ነበር፤ ለሁለት አንድ ጠርሙስ ደረሳቸው። የሷን ድርሻ አልነካችውም።

ልትገባ ስትል ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወድቃ ነበር። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በጣቢያው በር በኩል ያልፋል። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ በጭነት መኪና ጀርባ ተከትለው የመጡ የቆላ ሴቶች ናቸው፣ አቧራው ከሻሻቸው ላይ አልረገፈም። ሰዎቹ ገብተዋል። ዘበኛው ያንን ወረቀት ይዞ ስም እየጠራ የመጣውን ከቤተሰቡ ጋር ያመሳክራል፤ በእጅ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ማንበብ ቸግሮት ለመስዑድ አቀበለው። መስዑድ መንደሩን ለማሳየት በመኪናው ተወስዶ፣ አሳይቶ፣ ተመልሶ እዚያው በር ላይ ተለቆ ነበር። አንዲት አሮጊት ክንዱን ይዘውታል። ወረቀቱ ላይ በጣታቸው ይጠቁማሉ። አያነቡም፤ ግን ከጥቁሩ የመኪና ጽሑፍ መሃል አንዱ ብቻ በሰማያዊ ቀለም መሆኑን ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል።

መስዑድ ዘውድነሽን አያት። ወረቀቱን ይዞ ጥቂት እርምጃ ወደ እሷ መጣ፤ አሮጊቷም ክንዱን ሳይለቁ አብረውት መጡ።

«እትዬ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የአጎቴ ሚስት ናት። እሱ ብቻ ለምን በእጅ ተጨመረ ትላለች። ሌሎቹን መኪና ጻፋቸው፣ የኔን ባል የጨመረው ሰው ምን በድሎት ነው ትላለች።»

ጂብሪል አጎቱ እንደሆኑ አሁን ገና ሰማች። በአዳራሹ ሲያነብ ድምፁ ለምን እንደቀነሰ ገባት። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሽንኩርት ለመግዛት፣ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ በአማርኛ፣ እሱ እንዲተረጉምላት፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «እኔ ትቻቸው ነበር በላት። እንዲቀሩ ብዬ ነው የተውኳቸው። ጓድ አጥናፉ አስተያይቶ አገኘውና በግድ አስጻፈኝ። እንዲህ ብለህ ንገራት መስዑድ።»

መስዑድ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ «ሂን ቤኩ ጄቲ» አላቸው።

‹አላውቅም ትላለች› ማለቱ ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ ዘውድነሽ ታውቃለች። «እንደዚያ አላልኩም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ መስዑድ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዓይኑ ቀልቷል። «የመንደሩ ሰዎች አራቱን ስም ከየት አመጡት ብለው ይጠይቁኛል። ከቢሮ ነው የመጣው ብያቸዋለሁ። አምስተኛውን ቢሮ መጨመሩ በወረቀቱ ላይ ይታያል፤ እርስዎ ተውኩት ካሉ፣ አስቀድሞ ማን ጻፈው ይሉኛል፤ በቃለ ጉባኤው የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ነው የሚኖሩት። እኔ እዚያ መንደር ነው የምኖረው።»

አሮጊቷ አማርኛው ሳይገባቸው ዘውድነሽን ብቻ ያያሉ። በጨርቅ የቋጠሩት ምግብ በብብታቸው አለ፤ ለማን እንደሚሰጡት ገና አልተነገራቸውም። አንድ ነገር ጠየቁ፤ በዝግታ፣ ለእሷ እንዲገባት ቃሉን እየነጣጠሉ። ከመሃሉ «ማሉፍ» የምትለዋን ለየች። ለምን፣ ነው ያሉት።

ዘውድነሽ መስዑድን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ሂን ቤኩ» አለቻቸው።